በሁለት መዝገብ መካከል የወደቀው ሰው
በሆስፒታል የሚያዝ ኢንፌክሽን፣ ጎዳና የሚያድር ወገን እና የመንግሥት ቆጠራ

 

የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች በር አካባቢ ያለፈ ሰው የሚያየውን ያውቃል። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከባሌ፣ ከስልጤ ሕመምተኛ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች አጥር ተጠግተው ተቀምጠዋል። የአካባቢው ወጣቶች ተምር፣ ሾርባና ሳምቡሳ ይዘው ይደርሳሉ። ኢፍጣሩ ካለቀ በኋላ ከፊሉ ምግብ ይዞ ወደ ሕመምተኛው ክፍል ይገባል፤ ከፊሉ ለአልጋ የሚከፍለው ስለሌለው ካርቶን አንጥፎ እዚያው ያድራል። በዚያው አጥር ሥር አስታማሚም ያልሆነ፣ ሕመምተኛ ተብሎም ያልተመዘገበ ሰው ሊኖር ይችላል። ትናንት ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ቁስሉ ገና አልጠገገም፤ የሚሄድበት ቤት ግን የለውም።

ይህ ሰው የማን ነው? ሆስፒታሉ «ታክሞ ወጥቷል» ብሎ መዝገቡን ዘግቷል። የጎዳና ሰዎችን የሚመለከተው ቢሮ ደግሞ ገና አላየውም። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። መንግሥት በሆስፒታል ውስጥ የሚያዘውን ኢንፌክሽን እንዴት ይቆጥራል? ጎዳና የሚያድረውንስ? ቆጠራው ሕይወት የሚያድነው መቼ ነው? ለዚህ ከ20 ዓመት በላይ ሁለቱንም ስትቆጥር የቆየችውን እንግሊዝን እንደ ምሳሌ እናያለን፤ ከዚያ ወደ ራሳችን እንመለሳለን። የእንግሊዙ ታሪክ ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረበ ነው።

ለመዳን ገብቶ መታመም

አንድ ሰው እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል ይተኛል። ሲገባ ያልነበረበት ኢንፌክሽን ከሁለት ቀን በኋላ ይይዘዋል። በቀዶ ጥገናው ቁስል፣ በሽንት መውጫ ቱቦ፣ በክንዱ ላይ በተተከለው መርፌ ወይም ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው በተሻገረ ያልታጠበ እጅ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ 48 ሰዓትን እንደ መለያ ይወስዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የታየው ሕመም ከቤት የመጣ ሳይሆን ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ ነው ተብሎ ይመዘገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በሀብታም አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕመምተኞች 7ቱ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በዚህ ከተያዙት መካከል በአማካይ ከ10 አንዱ ይሞታል። ይኸው ሪፖርት እንደሚለው በእጅ ንጽህናና በሌሎች ርካሽ የመከላከያ ሥራዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ይቻላል። እንግዲህ የምንነጋገረው ከአቅም በላይ ስለሆነ መቅሠፍት ሳይሆን መከላከል ስለሚቻል ሞት ነው።

ቁጥሩ አደባባይ ሲወጣ

በ1990ዎቹ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ኤም.አር.ኤስ.ኤ የሚባል፣ የተለመዱትን መድኃኒቶች የሚቋቋም ባክቴሪያ ተስፋፋ። ደም ውስጥ ሲገባ ይገድላል። በዚያን ጊዜ ሪፖርት ማድረግ በፈቃደኝነት ነበር፤ የፈለገ ሆስፒታል ይልካል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። እንዲህ ባለ አሠራር እውነቱን የተናገረ ሆስፒታል ሰነፍ ይመስላል፤ የደበቀው ደግሞ ጎበዝ ይባላል።

ከሚያዝያ 2001 ጀምሮ መንግሥት ሪፖርቱን በሁሉም ሆስፒታሎች ላይ ግዴታ አደረገው። መለኪያውም አንድ ዓይነት ሆነ፤ የደም ናሙና በላቦራቶሪ ተመርምሮ ባክቴሪያው ከተገኘ ይቆጠራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላቦራቶሪ ሰው አይቶ አያዳላምና። ቁጥሩም በየሆስፒታሉ ስም ለሕዝብ ይወጣ ጀመር።

ቁጥር ብቻውን ግን ወዲያው ለውጥ አላመጣም። ለውጡ የመጣው በኅዳር 2004 የጤና ሚኒስትሩ ጆን ሪድ «በ2008 ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል» ብለው ግብ ካስቀመጡ በኋላ ነው። የሆስፒታሉ ዋና ኃላፊ ሪፖርቱን ራሱ እንዲያጸድቅ ተደረገ። በየአልጋው አጠገብ የእጅ ማጽጃ ተቀመጠ። አንድ ሰው በተያዘ ቁጥር «እንዴት ደረሰ? ቱቦውን ማን አስገባ? መቼ መውጣት ነበረበት?» ተብሎ ይመረመር ጀመር። ውጤቱ ይኸው፦ በ2003/04 ወደ 7,700 የነበረው በደም ውስጥ የተገኘ ኤም.አር.ኤስ.ኤ በ2008/09 ወደ 2,935፣ በ2012/13 ደግሞ ወደ 924 ወረደ።

እዚህ ላይ ለሙስሊም ቤተሰቦች ቅርብ የሆነ ጉዳይም ተነሥቷል። የጤና ሠራተኞች ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ገልጠው እንዲሠሩ መመሪያ ሲወጣ ሙስሊም ሴት ሐኪሞችና ነርሶች ጥያቄ አቀረቡ። ከውይይት በኋላ በ2010 በወጣው መመሪያ አንድ ጊዜ ለብሰው የሚጥሉት እጅጌ እንዲጠቀሙ መፍትሔ ተገኘ፤ ንጽህናውም ሒጃቡም ሳይጎዳ ማለት ነው። የእጅ ማጽጃው አልኮል ስላለበት የሚጨነቁም ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ ይህንኑ አንስቶ፣ በሳውዲ ዓረቢያ ሆስፒታሎች ጭምር በአልኮል የተሠራ ማጽጃ ሥራ ላይ እንደሚውል ገልጿል። ስለዚህ በሆስፒታል ኮሪደር የተሰቀለውን ማጽጃ በዚህ ምክንያት የሚያልፍ አስታማሚ ካለ ጉዳዩን ኡስታዙን ይጠይቅ እንጂ ዝም ብሎ አይለፈው።

አንዱን ሲቆጥሩ ሌላው ሲያመልጥ

የቆጠራው ታሪክ ግን ሁሉም ያማረ አይደለም። ሁሉም ዓይን ኤም.አር.ኤስ.ኤ ላይ በነበረበት ወቅት ሲ. ዲፊሲል የተባለ፣ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ሌላ ባክቴሪያ አረጋውያንን ይገድል ነበር። በኬንት ግዛት ሜይድስተንና ተንብሪጅ ዌልስ በሚባሉ ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ከ2004 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ከ1,000 በላይ ሕመምተኞች ተያዙ። የጤና አገልግሎት ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በጥቅምት 2007 ባወጣው ምርመራ 90 ያህል ሰዎች በእርግጠኝነት ወይም ምናልባትም በዚሁ ምክንያት እንደሞቱ አስታወቀ። የሆስፒታሎቹ አመራር በገንዘብና በወረፋ ሰዓት ግቦች ተጠምዶ ነበር። አልጋዎቹ ተጠጋግተው፣ ነርሶቹ ቁጥራቸው አንሶ፣ ሕመምተኛው ወደ መጸዳጃ የሚወስደው እንኳን አጥቶ ነበር።

ይህ ቅሌት ሲወጣ ለሲ. ዲፊሲልም ጥብቅ ቁጥጥር ተደረገ፤ በ2007/08 ከ55 ሺህ በላይ የነበረው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 15 ሺህ ገደማ ወረደ። ከዚህ የምንማረው ቆጠራ እንደ ፋኖስ መሆኑን ነው። ያበራበትን ቦታ ያሳያል፤ ያላበራበት ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። ቆጣሪው ፋኖሱን ወዴት እንዳዞረ መጠየቅ የቤተሰብም ድርሻ ነው።

የጎዳናው ቆጠራ

አሁን ከሆስፒታሉ ወደ ውጭ እንውጣ። በ1998 በእንግሊዝ በአንድ ሌሊት 1,850 ሰዎች ጎዳና ላይ እንደሚያድሩ ተገመተ። መንግሥት በ2002 በሁለት ሦስተኛ ለመቀነስ ቃል ገባ፤ በሉዊዝ ኬሲ የሚመራ ልዩ ክፍልም በ1999 ተቋቋመ። በ2001 መጨረሻ ቁጥሩ 532 ደረሰ ተባለ። ብዙ ሰው በእርግጥ መጠለያ አግኝቷል፤ ይህ የሚካድ አይደለም።

ነገር ግን ማን ነበር የሚቆጠረው? ተቆጣሪው ተኝቶ የተገኘ መሆን ነበረበት። ብርዱ አላስተኛ ብሎት ተቀምጦ ያደረው አይቆጠርም። ከ10 በላይ የጎዳና ሰው የለኝም ያለ ከተማ ደግሞ ቆጠራ እንዲያካሂድ አይገደድም ነበር። በ2010 አዲስ መንግሥት ሲመጣ በቀድሞው ዘዴ የተገኘው ቁጥር 440 ነበር። ሁሉም ከተሞች ቢያንስ ግምት እንዲልኩ ሲጠየቁ ግን 1,247 ሆነ። በአንድ ሌሊት ጎዳና የወጣ አዲስ ሰው የለም፤ የተለወጠው የቆጣሪው ዓይን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመከር ወራት አንዲት ሌሊት ተመርጣ ይቆጠራል። በ2010 መከር 1,768 ነበር፤ በ2017 ወደ 4,751 አሻቀበ። በኮቪድ ጊዜ «ሁሉም ይግባ» በሚል ዘመቻ ሆቴሎች ጭምር ተከፍተው በ2020 ወደ 2,688 ወረደ፤ በ2024 ግን ተመልሶ 4,667 ደረሰ።

ሁለቱን ቆጠራዎች እናነጻጽር። የሆስፒታሉ ቆጠራ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ይመዘገባል፤ «ለምን ደረሰበት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስ የሚሰጥ ኃላፊም አለ። የጎዳናው ቆጠራ የአንድ ሌሊት ነው፤ ቁጥሩ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ሲል ሁሉም ያዝናል። ነገር ግን በዚያች ሌሊት የተቆጠረው አንድ ሰው ለምን ጎዳና እንደወጣ መርምሮ መልስ የመስጠት ግዴታ እንደ ሆስፒታሉ ኃላፊ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አልወደቀም። አንዱ ቁጥር ተጠያቂ አለው፤ ሌላው ሐዘን ብቻ አለው። የአንደኛው ቁጥር ወርዶ የቀረበት፣ የሌላው ደግሞ ወርዶ የሚመለስበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙበት በር

የሁለቱ መዝገቦች መለያየት ዋጋ በሞት ቁጥር ታየ። የእንግሊዝ ስታቲስቲክስ ቢሮ በታኅሣሥ 2018 ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት አልባ ሰዎችን ሞት ገምቶ አወጣ። በእንግሊዝና ዌልስ በ2017 ብቻ 597፣ በ2018 ደግሞ 726 ሰዎች ሞተዋል። በ2018 የሞቱት ሰዎች አማካይ ዕድሜ ለወንዶች 45፣ ለሴቶች 43 ነበር። ሀብታም አገር፣ ነጻ ሕክምና ያለበት አገር፣ ያውም ሰው ሳይሸመግል የሚሞትበት ጎዳና!

ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። የተሰፋ ቁስል ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ በየቀኑ የሚቀየር ፋሻ ይፈልጋል። በሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒት ሰዓት የሚያይና ምግብ የሚበላ ሰው ይፈልጋል። ካርቶን ላይ የሚያድር ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ተመልሶ ይመጣል፤ ምናልባትም መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በአጠገቡ የሚተኛው የእናንተ አባት ወይም ልጅ ሊሆን ይችላል። ጎዳናውና የሆስፒታሉ ክፍል አንድ ናቸው የምንለው ለዚህ ነው።

እንግሊዝ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ አንድ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። ሆስፒታል ሕመምተኛው ቤት እንደሌለው ወይም ሊያጣ እንደተቃረበ ከተረዳ፣ በሰውየው ፈቃድ ለከተማው አስተዳደር የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማሳወቅ ቤት መስጠት አይደለም፤ የቤት እጥረቱም አልተፈታም። ሆኖም ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የሚያሻግር ቀጭን ድልድይ ነው።

በእኛስ ቤት?

በአገራችን ሥራው ከባዶ አይጀመርም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጤና ተቋማትን ንጹሕና አስተማማኝ የማድረግ እንቅስቃሴ «ካሽ» በሚል ስም ተጀምሯል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በተመረጡ ላቦራቶሪዎች መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ይከታተላል። በጎዳናው በኩል በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጎዳና ላይ የሚኖሩ ወገኖችንም በድጋፉ አካቷል። በሌላ በኩል የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል።

«ውኃ በሚጠፋበት ሆስፒታል ኢንፌክሽን መቁጠር ምን ይረባል?» የሚል ሰው ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ነርሷ እጇን የምትታጠብበት ቧንቧ ከደረቀ የመዝገቡ ማማር አያድናትም። መልሱ ግን ቆጠራው ራሱ ለውኃው መሟገቻ መሆኑ ነው። «በዚህ ወር ይህን ያህል እናቶች ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስላቸው መረቀዘ» የሚል ወረቀት ይዞ በጀት የሚጠይቅ ኃላፊና «ችግር አለብን» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ኃላፊ እኩል አይሰሙም።

ሁለተኛው ስጋት የጎዳናው ነው። ጎዳና የሚያድር ሰው መዝጋቢ ሲያይ የሚያስበው አፈሳን ነው። እንግዳ ሲመጣ ወይም በዓል ሲደርስ ከመንገድ የሚነሣ፣ ሲያልፍ የሚመለስ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቆጠራ ይደበቃል። የሚደበቅ ሰው ደግሞ አይቆጠርም፤ አይታከምምም። ስለዚህ ቆጠራው ከርዳታ ጋር ካልታሰረ፣ የሰውየው ፈቃድና ክብር ካልተጠበቀ፣ ቁጥሩ የሚያሳየው የተረፈውን ሳይሆን የሸሸውን ነው።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የግምጃ ቤት መዝገብ በማደራጀት ይታወቃሉ። ሆኖም በመዝገቡ ብቻ አልተማመኑም፤ ሌሊት ሌሊት እየወጡ ሕዝባቸውን ይመለከቱ ነበር። ልጆቿን ለማባበል ባዶ ድስት እሳት ላይ የጣደችውን እናት ያገኙት በዚያ የሌሊት ጉዞ እንደሆነ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለልጆቹ ይተርካል። መዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡ ያላየውን የሚያይ ዓይንም ያስፈልጋል።

በካይሮ ሱልጣን ቀላውን በ1284 ያሠሩት የመንሱሪ ሆስፒታል በወቅፍ ሀብት ይተዳደር ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ድኖ የሚወጣ ሕመምተኛ ልብስና እስኪያገግም የሚያቆየው ገንዘብ ይሰጠው ነበር። ሕክምና በሆስፒታሉ በር ላይ እንደማያልቅ ከ700 ዓመት በፊት የተረዱ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

እኛስ? በዚህ ወር የታመመ መጠየቅ ይበዛል፤ መልካም ሥራ ነው። ወደ ክፍሉ ስንገባና ስንወጣ እጃችንን እንታጠብ ወይም እናጽዳ። ሰብሰብ ብለን አልጋው ላይ አንቀመጥ፤ ሁለት ሁለት እየሆንን እንግባ። ጉንፋን የያዘው ይቅር፤ ዱዓውን ከቤት ያድርግ። የአንዱን ሕመምተኛ ዕቃ ለሌላው አናውስ። ሐኪሙ ያላዘዘውን አንቲባዮቲክ ስጡን ብለን አናስጨንቅ። ነርሷ ወደ ቁስሉ ስትቀርብ «እህቴ፣ እጅሽን ታጥበሻል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ሆስፒታሉንም «ባለፈው ወር በዚህ ክፍል ስንት ሰው ኢንፌክሽን ያዘው?» ብለን እንጠይቅ። ጠያቂ የሌለው ቁጥር አይጻፍም።

የመስጂድ ጀመዓዎችም በሆስፒታል አቅራቢያ ለአስታማሚዎች ከሚያቀርቡት ኢፍጣር ጎን አንድ ነገር ቢጨምሩ ይችላሉ። ከሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ጋር ተነጋግረው፣ ቤት ሳይኖረው ለሚወጣ ሕመምተኛ የሁለት ሳምንት ማረፊያ፣ ፋሻና ምግብ ማዘጋጀት ነው። ለአንድ ጀመዓ በዓመት አምስት ሰው እንኳን ቢሆን ቀላል አይደለም። ይህ የመንግሥትን ኃላፊነት አይተካም፤ ነገር ግን መንግሥት ሁለቱን መዝገቦች እስኪያገናኝ ድረስ በመካከል የወደቀውን ያነሣል።

ረመዳን ሲገባደድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ዘካተል ፊጥር ያወጣል። አባት ወይም እናት በቤት ያለውን ነፍስ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ሽማግሌው አይዘለልም፣ የሚጠባው ሕፃንም አይረሳም። ማንም ነፍስ ሳትቆጠር እንዳትቀር የምንጠነቀቅ ሕዝብ ነን። ከመንግሥትም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በሆስፒታሉ አልጋ የተኛውም፣ በአጥሩ ሥር ያደረውም ነፍስ ነውና ይቆጠር፤ ለእያንዳንዱም መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ይኑር።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ ቤት ላጡት ማረፊያ ይስጥልን። ለዒዱ በሰላም ያድርሰን።